የድሮ የአውሮፓ ሴቶች የውስጥ ልብስ፦ ጥናቱ ከኮርሴት ይጀመር ወይስ ከውስጥ ቀሚስ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አብዛኛው ሥራዬ ለቲያትር ነው። የድሮ የአውሮፓ ሴቶች የውስጥ ልብስ እንዴት ይሰፋና ይለበስ እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሲያገኘኝ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ስለ ኮርሴት፣ ደረትንና ወገብን ጠብቆ ስለሚይዘው በማሰሪያ የሚታሰር ጠንካራ ልብስ፣ ይጠይቀኛል። ምን ያህል ይጠብቃል? ያማል? ትንፋሽ ያሳጥራል? ጥያቄው ክፋት የለውም። ጥናቱ ግን ከዚያ መጀመር የለበትም ባይ ነኝ። መጀመር ያለበት ከውስጥ ቀሚሱ ነው።

የውስጥ ቀሚስ የምለው ከሁሉም ልብስ ሥር፣ ገላ ላይ የሚውለውን ነጭ የሊነን ቀሚስ ነው፤ ሊነን ከተልባ ተክል ጭረት የሚሠራ ጨርቅ ነው። ንግሥቷም ለብሳዋለች፤ ገረዷም ለብሳዋለች። ከመካከለኛው ዘመን እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ ቅዱ ቀስ እያለ ተለዋወጠ እንጂ ሥራው ያው ነበር። ሥራው ላብና የገላ ቅባት መቀበል ነው። ላይ የሚለበሰው ሐርና ሱፍ እንደ ልብ አይታጠብም። ስለዚህ የሚታጠበው ገላ የነካው ልብስ ነው። የአንዲት ሴት ንጽሕና የሚታወቀው አንገቷ ሥርና እጅጌዋ ጫፍ ላይ ብቅ በሚለው ነጭ ጨርቅ ነበር።

አሰፋፉን ደግሞ ተመልከቱ። ጨርቁ በእጅ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ ነው፤ ውድ ነው። ስለዚህ ቅዱ ቁራጭ አይጥልም። ሁሉ ነገር አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ነው። አካሉ ትከሻ ላይ የሚታጠፍ አንድ ረጅም ጨርቅ ነው፤ የትከሻ ስፌት የለውም። ከላይ ከጎንና ጎኑ የተቆረጠው ሦስት ማዕዘን ተገልብጦ ከታች ይገባል፤ ቀሚሱን ከዳሌ በታች ያሰፋዋል። እጅጌው አራት ማዕዘን ነው። ብብት ሥር መዳፍ የምታህል ካሬ ጨርቅ በሰያፍ ትገባለች። ያቺ ካሬ ባትኖር ክንድ ሲነሣ ቀሚሱ ብብቱ ላይ ይተረተራል። የስፌቱ ጠርዝ በሙሉ ታጥፎ ተቀብሯል፤ አንድም ክር አልወጣም። እንዲህ የተደከመበት ልብሱ በአመድ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተደብድቦ፣ ሣር ላይ ለፀሐይ ተሰጥቶ ዓመታት መቆየት ስላለበት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ብዙ የነበረ ልብስ ሙዚየም ውስጥ ለምን አነሰ? ሲያረጅ ተቀድዶ የሕፃን መጠቅለያ ሆነ። ያ ሲያልቅ መወልወያ ሆነ። ከዚያ ጨርቅ ለቃሚ ገዝቶ ለወረቀት ሠሪ ሸጠው። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ የአውሮፓ ወረቀት በአብዛኛው የሚሠራው ከአሮጌ ሊነንና ጥጥ ነበር። የስንቷ ሴት የውስጥ ቀሚስ መጽሐፍ ሆኖ ቀርቷል። ኮርሴት ግን ወረቀት አይሆንም፤ ስለዚህ ቀረልን። ዛሬ ስለ ኮርሴት ብዙ የምናወራው አንድም ለዚህ ነው።

ጥያቄዬ ይኸው። ሰፍታችሁ፣ ለብሳችሁ ወይም ሙዚየም ገብታችሁ ያያችሁ፣ ከየት ጀመራችሁ? ምን ተማራችሁ?

ምላሾቹ

ውይይቱ ስለረዘመ፣ ዘግይታችሁ ለምትገቡ ብዬ ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ። ለንደን የምትኖር እህት ናት የጀመረችው። በሐሳቤ ተስማምታለች። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ያየችውን አንድ ነገር አክላለች። የውስጥ ቀሚሶቹ ላይ በቀይ ክር፣ በመስቀልኛ ስፌት የተጠለፉ ትንንሽ ፊደላትና ቁጥር አሉ። ፊደሉ የባለቤቷ ስም መጀመሪያ ነው። ቁጥሩ ደግሞ ከስንቶቹ ቀሚሶች ስንተኛው እንደሆነ ይናገራል። አጣቢ ቤት ሄዶ አንዱ ቢጠፋ የትኛው እንደጠፋ ይታወቃል። በተራ እየተለበሱም እኩል ያረጃሉ። ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት መርፌ ሲማሩ በዚሁ ጥልፍ እንደነበርም ነግራናለች። ከዚህ የተሻለ አጀማመር አልጠብቅም ነበር።

2ኛ። አንድ የታሪክ መምህር በትሕትና ተቃውመውኛል። የላይ ልብሱን ቅርጽ የሚወስነው ኮርሴቱ ነው፤ እሱ ሳይኖር የ1780ም ሆነ የ1880 ቀሚስ ሰው ላይ አይቀመጥም ይላሉ። ስለዚህ ለልብስ ሰፊ ቅርጹ ይቀድማል ባይ ናቸው። እውነት አላቸው። ለሰፊ ልኩ የሚወሰደው ኮርሴት ተለብሶ ነው። እኔ ግን የማወራው ስለ ጥናቱ ነው፤ ኮርሴት ያለ ውስጥ ቀሚስ ገላ ላይ አይታሰርም።

3ኛ። አንድ ሰው ርዕሱ ነውር ነው፣ በአደባባይ የሚወራ አይደለም ሲል ጽፏል። አጭር ነው፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

4ኛ። ለእሱ የተሰጠው መልስ ጠንከር ያለ ነበር። አንዲት እህት ነውር እየተባለ ስንቱ የሴት ሙያ ሳይጻፍ እንደቀረ አንሥታ ወቅሳዋለች። ወንዶች ስለ ሰይፍና ስለ ጋሻ አሠራር ሲጽፉ ማንም ነውር አላለም፤ ሴት በሕይወቷ ዘመን ሁሉ በእጇ የሰፋችው ልብስ ሲነሣ ግን ፊት ይጠቁራል ብላለች። ልብሱን ማን ሰፋ፣ ማን አጠበ፣ ማን ጠገነ ብሎ መጠየቅ ታሪክ መጠየቅ ነው ስትል ደምድማለች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

5ኛ። እዚህ ላይ ጭቅጭቁ ተነሣ። አንድ አባል ኮርሴት ማሰቃያ ነበር፣ ሴቶቹ ወገባቸው እንዲቀጥን የጎድን አጥንታቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጡ ነበር፣ ወገባቸውም በሁለት እጅ ይጨበጥ ነበር ብሎ በእርግጠኝነት ጻፈ።

6ኛ። ነርስ የሆነች አባል መለሰችለት። የአጥንት ማስወጣቱ ወሬ ማስረጃ የለውም። አስቡት ትላለች፦ ኤተር ለማደንዘዣ በይፋ የታየው በ1846 ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሊስተር ቁስል በካርቦሊክ አሲድ ስለ ማጽዳት ያሳተመው በ1867 ነው። ከዚያ በፊት ደረትን ከፍቶ አጥንት ማውጣት ሰው መግደል ነበር። ለወገብ ብላ ማን ትገባበታለች? ቀጥላም ሬቤካ ጊብሰን የተባለች አንትሮፖሎጂስት የመረመረቻቸውን አጽሞች አንሥታለች። የጎድን አጥንቶቹ በኮርሴት ምክንያት ቅርጻቸው ተለውጧል፤ ይህ አልተካደም። ሴቶቹ ግን በጊዜያቸው ይጠበቅ ከነበረው ዕድሜ ቀድመው አልሞቱም። ቅርጽ መለወጥና መሞት ለየቅል ናቸው ነው የምትለው።

7ኛ። ሌላ ሰው ቁጥር ይዞ ገባ። እንግሊዝ አገር ሌስተርሻየር ውስጥ የሲሚንግተን ፋብሪካ ኮርሴቶች ስብስብ አለ። ከተለኩት 197 ኮርሴቶች ውስጥ ወገቡ 18 ኢንች የሆነው አንድ ብቻ ነው። 19 ኢንች የሆኑት 11 ናቸው። የቀሩት አብዛኞቹ ከ20 እስከ 26 ኢንች፣ ማለትም ከ51 እስከ 66 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ያውም ኮርሴት ከኋላ ገጥሞ አይታሰርም፤ በሁለቱ ጠርዞች መሐል ጥቂት ጣት ክፍተት ይተዋል። የለባሿ ወገብ ከኮርሴቱ ልክ ይሰፋል ማለት ነው። በፎቶግራፍ የሚታየው የተርብ ወገብ ደግሞ ብዙ ጊዜ በፎቶ ቤት ብሩሽ የተቀነሰ ነው ብሏል።

8ኛ። 5ኛው ሰው ተናድዶ ተመለሰ። የሴቶችን ጭቆና እያቆነጃችሁ ነው ሲል ከሰሰን። አጻጻፉ ሻካራ ቢሆንም ይህንን ቁም ነገር አልጥለውም። ወገባቸውን ከልክ በላይ የሚያጠብቁ ነበሩ። ሕፃናት ላይም ኮርሴት ይደረግ ነበር። ከሁሉ በላይ ራሳቸው ሴቶቹ ታግለውታል፤ በ1881 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው የልብስ ማሻሻያ ማኅበር ጠባብ ኮርሴትንና ከባድ ጉርድን በግልጽ ተቃውሟል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የአጥንት ወሬው ግን ውሸት ነው። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

9ኛ። መርካቶ ውስጥ ለረጅም ዘመን የሰፉ አባት ናቸው። ጭቅጭቁን ወደ ጎን አድርገው ሁላችንንም ልጆቼ ብለው የሙያ ጥያቄ አመጡ። ማሰሪያው የሚገባበት ቀዳዳ ብረት ከሌለው ሲሳብ እንዴት አይቀደድም? ጨርቁ ስንት ድርብ ነው? ማጠንከሪያውስ ምንድን ነው? እኔ ከሁሉ የወደድኩት ምላሽ ይህ ነው። ጋሼ ልብሱን ሳያዩ ልብሱ የት ላይ እንደሚደክም ያውቃሉ።

10ኛ። ለጋሼ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ረዘም ይላል። በ18ኛው መቶ ዘመን ኮርሴት ቀዳዳ በመቀስ አይቆረጥም። በወስፌ ነው የሚከፈተው። ወስፌው የጨርቁን ክሮች ሳይበጥስ ወደ ጎን ይገፋቸዋል፤ ከዚያ ዙሪያውን በጠንካራ ክር ጥቅጥቅ አድርጎ መጠምጠም ነው። ክሩ አስቀድሞ በሰም ይሳባል። ክሮቹ ስላልተበጠሱ ጉልበት ይችላል። ቢሆንም ገደብ አለው። በብረት የተከበበ ቀዳዳ የባለቤትነት መብት የተሰጠው ፈረንሳይ ውስጥ በ1828 ነው። ከዚያ በፊት ዛሬ ፊልም ላይ እንደምናየው እግርን ግድግዳ ላይ ተክሎ መሳብ ስፌቱን ይገነጥለው ነበር። ማሰሪያውም አንድ ክር ነው፤ ከታች ጀምሮ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ለዚህ ነው የግራና የቀኝ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት የማይገጥሙት።

ጨርቁ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ድርብ ጠንካራ ሊነን ነው። በድርቡ መሐል ጠባብ ጠባብ መስመር በእጅ ይሰፋል፤ ወደ ኋላ እየተመለሰ በሚወጋ ስፌት። በየመስመሩ ውስጥ ማጠንከሪያው ይሰካል። ማጠንከሪያው ከአንዳንድ ዓሣ ነባሪዎች አፍ የሚወጣ ነው። እነዚህ ዓሣ ነባሪዎች ጥርስ የላቸውም፤ ከላይኛው መንጋጋቸው የሚንጠለጠል፣ ውኃውን አጥልሎ ምግቡን የሚያስቀር ነገር አላቸው። ጥፍርና ፀጉር ከተሠሩበት ከኬራቲን የተሠራ ነው። በርዝመቱ ይሰነጠቃል፤ እንደ ተፈለገ ይቀጥናል። የገላ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልስና የለባሿን ቅርጽ ይይዛል። ብረት ይህን አያደርግም።

ጋሼን በጣም የሚያስደስታቸው ግን ገበሩ ይመስለኛል። ገበሩ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ በላላ ስፌት። ሲቆሽሽ ተፈትቶ አዲስ ይገባል። ኮርሴቱ ራሱ አይታጠብማ። ከወገብ በታች ደግሞ ጨርቁ ተሰንጥቆ ዳሌ ላይ የሚዘረጉ ምላሶች አሉት። የጉርዶቹ መቀነት የሚያርፈው እነዚያ ላይ ነው። ሦስት አራት ጉርድ ደርባ የምትሠራ ሴት ክብደቱ ወገቧን አይቆርጣትም። የታችኛው ጠርዝ ቶሎ ስለሚበላ በቀጭን ቆዳ ይለበጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ሥዕል አይነግራችሁም። ልብሱን ገልብጦ ማየት ይጠይቃል።

11ኛ። ጋሼ አመስግነው ዓሣ ነባሪ ዛሬ ከየት ሊመጣ ነው ሲሉ ጠየቁ። ከዚያ መልሱን ራሳቸው ሰጡ፦ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚያስሩበት ወፍራም የፕላስቲክ ማሰሪያ። እኔም ለመድረክ ልብስ የምጠቀመው እሱን ነው፤ አውሮፓና አሜሪካ ያሉ የድሮ ልብስ ሰፊዎችም ብዙዎቹ እንደዚሁ ያደርጋሉ። ጫፉ ብቻ በደንብ ይሞረድ፤ አለዚያ ጨርቁን በስቶ ይወጣል።

12ኛ። አንዱ ለዓሣ ነባሪዎቹ አዝኗል። ፋሽን ስንቱን ፍጥረት እንደፈጀ ጽፎ ወደ ዝሆን ጥርስና ወደ ላባ ተሻገረ። ከርዕሱ ቢወጣም የሰሜን ውቅያኖስ ዓሣ ነባሪዎች ለኮርሴት ሲባል እጅግ መታደናቸው እውነት ነው። በኋላ ብረት ተተካ እንጂ።

13ኛ። 2ኛው መምህር ተመለሱ። በዚያ ዘመን ኮርሴት ሰፊዎቹ በአብዛኛው ወንዶች እንደነበሩ አስታውሰዋል። በፈረንሳይ ሴት ሰፊዎች የራሳቸው ማኅበር የተፈቀደላቸው በ1675 ነው፤ ያኔም ኮርሴቱ የወንዶቹ ልብስ ሰፊዎች ድርሻ ሆኖ ቀርቷል። በምሳሌነት ቶማስ ፔይንን ጠቅሰዋል፤ በ1776 ለአሜሪካ ነፃነት የቀሰቀሰውን ጽሑፍ ከማውጣቱ በፊት ቴትፎርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ከአባቱ ዘንድ ኮርሴት መስፋት ተምሯል።

14ኛ። አንድ ሰው ተቃወማቸው፦ ፔይን የሠራው የመርከብ ገመድ ነው፤ የእንግሊዝኛው ስም ስለሚመሳሰል ነው የተምታታው ሲል።

15ኛ። መምህሩ አልተቀበሉም። ቴትፎርድ ከባሕር የራቀች የመሐል አገር ከተማ ናት፤ እዚያ የመርከብ ገመድ ማን ይገዛል? ጠላቶቹ ሲሳለቁበት የሳሉትም የኮርሴት ሰፊ አድርገው ነው ብለዋል። 14ኛው ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

16ኛ። ቨርጂኒያ የምትኖር እህት ስለ ኮሎኒያል ዊሊያምስበርግ፣ የድሮ ኑሮ ስለሚታይበት ሰፊ ሙዚየም፣ ጻፈች። ከዋሽንግተን በመኪና ጥቂት ሰዓት ነው። እዚያ በ18ኛው መቶ ዘመን አሠራር ልብስ በእጅ የሚሰፉ ባለሙያዎች ጎብኚ ፊት ተቀምጠው ይሰፋሉ፤ የጠየቃችሁትን ይመልሳሉ። ቤተሰብ ይዛችሁ ሂዱ ብላለች።

ከዚያ ግን ቃናዋ ተለወጠ። እስካሁን በውይይቱ የተወራው ስለ እመቤቶች ብቻ እንደሆነ በግልጽ ወቅሳናለች። በዚያችው ቨርጂኒያ በባርነት የነበሩ ሴቶች የውስጥ ቀሚስ የሚሰፋው ኦስናበርግ ከሚባል ሻካራ ርካሽ ሊነን ነበር። ስለ ልብሳቸው ዛሬ ከሚናገሩት ሰነዶች ዋነኞቹ ጌቶቻቸው በጋዜጣ ያወጧቸው የፍለጋ ማስታወቂያዎች ናቸው። ያመለጠችው ሴት ምን እንደለበሰች፣ ምን ይዛ እንደወጣች አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። ሊይዟት የጻፉት ነው ዛሬ ልብሷን የሚነግረን። ይህን ምላሽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

17ኛ። የለንደኗ እህት ቀጠለች። ለድሃ ሴቶች ልብስ ሌላው ምንጭ የኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ከ1674 እስከ 1913 ያለው በኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል። የውስጥ ቀሚስ ከማድረቂያ ገመድ ላይ የተሰረቀባት፣ ኮርሴቷ ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ በሚያበድር ቤት የተገኘ፣ ሁሉም ከነዋጋው ተጽፏል። የውስጥ ቀሚስ የሚሰረቅና የሚሸጥ ሀብት ነበር። ከጉርድ ሥር በወገብ የሚታሰሩ ኪሶችም እዚያው መዝገብ ውስጥ ሞልተዋል። ኪሱ ከቀሚሱ ጋር አይሰፋም፤ ለብቻው ይታሰራል፤ በጉርዱ ጎን ባለው ስንጥቅ እጅ ይገባል። ማሰሪያው ከተቆረጠ ኪሱ ከነገንዘቡ ይሄዳል።

18ኛ። አንዲት ወጣት እያፈረች ጠየቀች፦ ሙታንታስ? ሽንት ቤትስ እንዴት ይሄዱ ነበር?

19ኛ። 4ኛዋ እህት በዚህ ጊዜ በለሰለሰ ቋንቋ አስረድታታለች። የ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊት በአብዛኛው ሙታንታ የሚባል ነገር አልነበራትም። ረጅሙ የውስጥ ቀሚስ ይበቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን ሙታንታ ሲመጣ ደግሞ ሁለት እግር ያለው፣ ወገቡ ላይ ብቻ የተገጠመ፣ መሐሉ ክፍት ነበር። ኮርሴት ከላይ ታስሮበታል፣ ጉርድ ተደራርቦበታል፤ አውልቂ ብትባል ማን ያወልቀዋል? ክፍት የሆነው ለዚህ ነው። ጫማም ከኮርሴት በፊት ይደረጋል፤ በኋላ ጎንበስ ማለት ያስቸግራል። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። ለመድረክ ተዋናይት ስሰፋ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይኸው ነው።

20ኛ። አንድ አባል እኔን ለማረም ገብቷል። በ2008 ኦስትሪያ ውስጥ ሌንግበርግ በሚባል ግንብ በእድሳት ጊዜ ከወለል ሥር ከ2,700 በላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ ተገኝቷል። በኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ ቤያትሪክስ ኑትስ ካጠኗቸው ውስጥ አራቱ የ15ኛው መቶ ዘመን የሊነን ጡት ማስያዣዎች ናቸው፤ ለሁለቱ ጡቶች ለየብቻ የተሰፋ ቦታ አላቸው። ስለዚህ ገላ ላይ የሚውለው ሁሌም ልቅ የውስጥ ቀሚስ ነው ማለት አይቻልም ይላል። ጥሩ ጨምሯል። ጡት ማስያዣ የተፈለሰፈው አሜሪካዊቷ ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ በ1914 መብቱን ስታስመዘግብ ነው እየተባለ ስንት ጊዜ ተጽፏል። ከዚያ በፊትም ኤርሚኒ ካዶል ፓሪስ ውስጥ በ1889 ኮርሴቱን ለሁለት ከፍላ የላይኛውን በትከሻ ማንጠልጠያ አቅርባለች። ሌንግበርግ ሁለቱንም በአራት መቶ ዓመት ይቀድማል። እነዚያ ቁርጥራጮች የተረፉት ደግሞ ለወረቀት ሠሪ ስላልተሸጡ ነው፤ ቆሻሻ ሆነው ወለል ሥር ተጥለው ነው።

21ኛ። አንድ ሰው በብረት ሽቦ ስለተሠራው ሰፊ ጉርድ ማስነሻ፣ ስለ ክሪኖሊን ጠየቀ።

22ኛ። መልሱ አጭር ነበር። በ1856 መብቱ ሲመዘገብ ሴቶቹ ደስ ብሏቸው ነው የተቀበሉት፤ ስድስት ሰባት ጉርድ መደረብ ቀረላቸው፤ እግራቸውም ተፈታ። እሳት ግን ፈጀ። በ1863 በቺሊ ሳንቲያጎ ቤተ ክርስቲያን በተነሣው እሳት ከ2,000 በላይ ሰው አልቋል፤ በር ላይ የተጠላለፈው ሰፊ ቀሚስ መውጫ ካሳጡት ነገሮች አንዱ ተብሎ ይነሣል።

23ኛ። ጎንደር ያደጉ እናት የእኛን አገር አነሡ። ከወሊድ በኋላ ወገብና ሆድ በሰፊ መቀነት ይጠመጠማል፤ እናታቸውም እሳቸውም ታስረዋል። ነጩ ልብስ በእንዶድ ይታጠባል፤ ሣር ላይ ይሰጣል። የአመድ ውኃውን ሲያነቡ የልጅነታቸው ወንዝ ዳር ታውሷቸዋል። አያቶቻችን ከሥር ምን ይለብሱ እንደነበር ማን ጠይቆ ጻፈ ብለውም ጠይቀዋል። በዚህ ውይይት መልስ ያላገኘው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። አያት ያላችሁ ዛሬ ጠይቁ፤ እጅጌው እንዴት እንደሚገባ፣ ብብት ሥር ምን እንደሚደረግ ጭምር።

24ኛ እና 25ኛ። ከመቀነቱ ተነሥተው ዛሬ በየሱቁ ወደሚሸጠው ሆድ ማጥበቂያ ላስቲክ ሄዱ። አንዷ ዋጋውን አማረረች። ሌላዋ አዋላጅ ናት፤ ከወለዱ በኋላ ከልክ በላይ ጠብቆ የሚታሰር ነገር ያለ ሐኪም ምክር እንዳይደረግ አስጠንቅቃለች።

26ኛ። 8ኛው ሰው እንደገና መጣ። ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ የአጥንቱን ወሬ ትቶታል። ኮርሴት ግን አሁንም አልወደደም፤ ያም መብቱ ነው። የልብስ ማሻሻያ ማኅበሩ ሴቶች ምን ዓይነት የውስጥ ልብስ በምትኩ እንዳቀረቡ ጠይቋል።

27ኛ። ነርሷ ነገረችው፦ ከትከሻ የሚንጠለጠል፣ ክብደቱ ወገብ ላይ የማያርፍ ልብስ። ማኅበሩ የአንዲት ሴት የውስጥ ልብስ በጠቅላላው ከ7 ፓውንድ እንዳይበልጥ ጠይቆ ነበር፤ ከ3 ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ቁጥር ብቻውን ከዚያ በፊት ሴቷ ምን ያህል ትሸከም እንደነበር ይናገራል።

28ኛ። የመርካቶው ጋሼ ለመሞከር ወስነዋል። ስንት ሜትር ይፈጃል፣ ሦስት ማዕዘኑስ በየት በኩል ይጋጠማል ብለው ጠየቁ።

29ኛ። መልሴ ይኸው፣ ጋሼ። ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጨርቅ ከትከሻ እስከ ባት ለሚደርስ ቀሚስ 3 ሜትር ይበቃል። ለልምምድ አቡጀዲ ይሆናል፤ አስቀድመው ይጠቡት፣ ሲታጠብ ይሰበሰባልና። መጀመሪያ አካሉን ይቁረጡ፤ ከተረፈው ሁለቱን እጅጌዎች ጎን ለጎን ያውጡ። የብብቷ ካሬ ከዚያ ትርፍ ትወጣለች። ካሬዋን በመጀመሪያ እጅጌው ላይ ይስፏት፤ ከዚያ ከአካሉ ጋር ያገናኟት። ሦስት ማዕዘኑን ሲገጥሙ የአንዱ ቀጥ ያለ ጠርዝ ከሌላው ሰያፍ ጠርዝ ጋር ይሁን። ሰያፍ ከሰያፍ ከተገጠመ ስፌቱ ይለጠጥና ቀሚሱ በጎኑ ይንጠለጠላል። ጠርዙን በየአንዳንዱ ስፌት ታጥፎ እስኪቀበር ድረስ አይለፉት። የጎንደሯ እናትም ከእናታቸው የተረፈ ቀሚስ ካለ ውስጡን ገልብጠው፣ የብብቱን ፎቶ አንሥተው ቢለጥፉልን እንፈልጋለን።